ከእትዬ አስካለ መኪና ሥር

ዘንድሮ በቴክኒክ ኮሌጅ ማስተማር ስጀምር፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ጋራዥ ውስጥ ምን ነበር የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ አጭሩን መልስ መረጥኩ። «የመኪና ሆድ እሸፍን ነበር» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ብርድ እንዳይመታው ነው?» አለ። እኔም ሳቅኩ፤ ልጁ ሳያውቀው ከእውነቱ ብዙ አልራቀም ነበር። ያን ዕለት ነገሩን ሳላብራራ ወደ ፍሬን ትምህርቴ ገባሁ። ሙሉው መልስ ይኸው።

በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ደብረ ብርሃን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ክፍል ነበር። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ከመኪና አራቀኝ። «ልጄ፣ በዚህ ብርድ መሬት ላይ አትተኚም» ብለው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። የጥገና መጠየቂያ እየተቀበልኩ፣ ማኅተም እያስመታሁ ክረምትና በጋ ተፈራረቀ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ይበቃ ነበር። መኪኖቹን ግን በሰሌዳ ቁጥራቸው ብቻ ነበር የማውቃቸው።

ከዚያ እናቴ ታመመችና ላስታምማት ወደ ተወለድኩበት ወደ ቀየት ተመለስኩ። እሷ ድና ገብሷን ማበጠር ጀመረች፤ እኔ ወደ ወንበሬ አልተመለስኩም። ገበያው ጥግ ላይ የጋሽ ማንደፍሮ ጋራዥ ነበር። አንድ ጠዋት ሥራ ልጠይቅ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ቃል አልወጣ አለኝ። ጋሽ ማንደፍሮ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝተው እግሬን ብቻ እያዩ «ማን ነው? ሲመጣ ድምፅ የሌለው» አሉ።

«ሰብለ ነኝ።»

«ሰብለ፣ እስቲ የአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ።»

አቀበልኳቸው። ቅጥሬ ይኸው ነበር። ስለ ደመወዝ የተነጋገርነው ወር ሲሞላ ነው።

ከመኪና ሥር መሆን ለእኔ ዓይነት ሰው ይመቻል። ፊትሽን የሚያይ የለም፤ ጥያቄ ሲመጣ መልስሽን አስበሽ ለመመለስ ጊዜ አለሽ። የቀየትን ሰው ከነጫማው ያወቅኩት እዚያ ተኝቼ ነው። ማን ተረከዙን እንደሚጎትት፣ ማን ሲዋሽ እግሩን እንደሚያፈራርቅ ለይቼ ነበር።

ጋሽ ማንደፍሮ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት፣ በኋላ ሾፌር፣ ጉልበታቸው ሲደክም ደግሞ መካኒክ የሆኑ ሰው ናቸው። ከመኪና ሥር መጀመሪያ የሚገቡት ሁልጊዜ ባዶ እጃቸውን ነው። ካርቶናቸውን አንጥፈው ይተኛሉ፤ ምንም ሳይነኩ ዝም ብለው ያያሉ። «መሣሪያ የያዘ እጅ የሚፈታ ነገር ይፈልጋል» ይሉኛል። የፈቱትን ቡሎን በጣሳ አያጠራቅሙም፤ የወጣበትን ዕቃ ቅርጽ አስይዘው መሬት ላይ ይደረድሩታል። ያንን የረገጠ ሰው ወዮለት። መስኮታቸው ደፍ ላይ ደግሞ ድንጋዮች ተሰልፈዋል፤ መኪና የጎዳ ድንጋይ ከተገኘ ከመንገዱ ፈልገው ያመጡታል። «ይኼ የወፍጮ ቤቱን መኪና የበሳ ነው፤ አፉን እዪው፣ መጥረቢያ እኮ ነው። የመቺሽን ፊት ሳታውቂ ጋሻ አትሥሪ።»

እትዬ አስካለ የመጡት በጥቅምት ነበር። ልጃቸው ዘውዱ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነው፣ እየነዳ ሰማያዊዋን ሚሌቼንቶ ይዟቸው ገባ። ሚሌቼንቶ አባቶቻችን የሚያውቋት የድሮ የጣሊያን የቤት መኪና ናት። ይህችኛዋ የሚሸከማት ጠምዛዛ የፊት ሞላዋ ተቆርጦ፣ የኋላ ተደራራቢ ብረቷ ባሌስትራው ዝርግ ብሎ፣ ከመሬት ስንዝር የማይሞላ ከፍታ ነበር የቀራት። ገና ከበሩ ስትገባ ሆዷ ድንጋይ ፋቀ። ጋሽ ማንደፍሮ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና እባብ ሆነች እንዴ? በደረቷ እኮ ነው የምትሄደው።»

«እባብስ ድንጋዩን ያውቅበታል» አሉ እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ሳይወርዱ። «የኔዋ ናት ያላወቀችበት። ራቤል እንድታደርሱኝ ነው የመጣሁት።»

ባላቸው አቶ ደጀኔ የተቀበሩት በትውልድ አገራቸው ራቤል ነው። በጥር ሙት ዓመታቸው ይታሰባል፤ እትዬ አስካለ ደግሞ በሌላ መኪና አልሄድም ብለው ሳይሄዱ ዓመታት አልፈዋል። ወደዚያ የሚወስደው የጓሳ ተራራ መንገድ ለከባድ መኪና እንጂ ለእንዲህ ዓይነቷ አልተሠራም። የጭነት መኪና ጎማ ግራና ቀኙን አጎድጉዶት መሐሉ እንደ አከርካሪ ቆሟል፤ አከርካሪው ላይ ኮረት ተተክሏል። ዝቅ ያለች መኪና ጎማዋን ጉድባው ውስጥ ስታስገባ ሆዷ አከርካሪው ላይ ይቀመጣል።

«ሞላዋ ተለውጦ ከፍ ትበል ስላት እንቢ አለችኝ» አለ ዘውዱ። «አባቴ እኮ በጉርምስናው ለጉራ የቆረጠው ሞላ ነው። ጋሽ ማንደፍሮ፣ እርስዎ ይንገሯት።»

«እሱ እንዳደረጋት ትኑር» አሉ እናቱ።

ዘውዱ ወደ ጎን ወስዶ የነገረን ግልጽ ነበር። አዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ገዢ አግኝቷል። መኪናዋን የሚያኖራት እሱ ነው፤ የምትቆመው በሩ ላይ ነው፣ የምትበላሸውም በእሱ ላይ ነው። እናቱ አንድ ነገር ተስማምተውለታል፤ በጥር ራቤል ደርሳ ከተመለሰች ትኖራለች፣ ካልሆነ ግን ትሸጣለች።

ጋሽ ማንደፍሮ ባዶ እጃቸውን ገቡ። እኔም ከጎናቸው ገባሁ። ሆዷ ያሳዝን ነበር። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ኮፓው ነው፤ ኮፓ የሞተሩን ዘይት ከሥር የሚይዘው ሳህን ነው። ቀጥሎ የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ ከዚያ በወለሉ ጎን የሚሄደው ቀጭኑ የፍሬን ቱቦ። አሮጌው ሬንጅ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ከሥሩ ዝገት ገብቷል።

መጀመሪያ ሬንጁን ፋቅን። በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ቦረሽን፤ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባን። ከላዩ ጋሽ ማንደፍሮ የራሳቸውን ቅባት አመጡ። ከጧፍ ሠሪዎች የገዙትን ሰም በንጹሕ ግራሶ አቅልጠው፣ ትኩሱን በብሩሽ በየስንጥቁ አጠጡት። ሰም ሲደርቅ እንደ ሬንጅ አይሰነጠቅም፤ ጠጠር ሲመታው ይጎደጉዳል እንጂ አይላጥም። መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተች። እትዬ አስካለ መጥተው አሸተቷትና «ደጀኔ ቢሰማ፣ መኪናዬን አመነኮሷት ይል ነበር» አሉ።

ከዚያ ሆዷን ከድንጋይ የሚከልለው ጋሻ። ላሜራውን የሣልኩት እኔ ነኝ። ፊቱ እንደ ማረሻ ወደ ላይ እንዲታጠፍ አደረግኩ፤ ድንጋይ ሲያገኘው እንዲንሸራተትበት እንጂ እንዳይነክሰው። ሁለቱ ላሜራዎች የሚደራረቡበትን ቦታ ግን ያስተካከሉት ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው። «የጓሳ ሣር ክዳን አይተሽ አታውቂም? ውሃው ከሚመጣበት ያለው ነው ከላይ የሚሆነው። እዚህ ድንጋዩ ከፊት ነው የሚመጣው፤ የፊተኛው ላሜራ ጫፍ የኋለኛውን ይሸፍን።» የቡሎኖቹን ጭንቅላት አስጠልቀን ከላሜራው ጋር እኩል አደረግናቸው። ያሰርነው ከወለሉ ሥር በቁመት ከሚሄዱት ሁለት ወፍራም ብረቶች ጋር ነው፤ ኮፓውን በምንም እንዳይነካው።

አንድ ችግር ቀረ፤ ላሜራው ይጮኻል። ጠጠር ሲመታው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ በበረዶ ይንጫጫል። እትዬ አስካለ ከአንድ ሙከራ ሲመለሱ ጆሯቸውን ይዘው ነበር።

«በላሜራውና በሞተሩ መሐል ሱፍ እንጎዝጉዝ» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

እዚህ አገር ያላደገ ሰው ይህን ሐሳብ ሲሰማ ቆም ይል ይሆናል። እኛ ግን መንዝ ነን። ብርድ ሲመጣ በሱፍ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ በሱፍ ነው፤ ኮርቻ ፈረሱን ሲልጠው ከሥሩ የምናደርገው ሱፍ ነው። እኔም ሐሳቡን ስሰማ ደስ አለኝ፤ እትዬ አስካለም ከሁላችን ብሰው ከቤታቸው አሮጌ ባና አመጡ፤ የበግ ቅባቱ ገና ያልለቀቀ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ። ከማርሚታው አርቀን ከኮፓው ሥር ሁለት እጥፍ አድርገን አነጠፍነው። መኪናዋ ጸጥ አለች። ተማሪዬ «ብርድ እንዳይመታው ነው?» ሲል ያሳቀኝ ይህ ነው።

ሌላም ያስደሰተን ነገር ነበር። ይህች መኪና ዕድሜዋን ሙሉ በቆመችበት ትንሽ ዘይት ጠብ ታደርጋለች። እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት ከሥሯ ጎንበስ ብለው የማየት ልማድ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ግን መሬቱ ደረቅ ሆነ። «ተፈወሰች» አሉ። ዘውዱም አመነ። እኛም የኮፓውን ዳርዳር አጥብቀን ስለነበር ሥራችን ነው ብለን ተደሰትን።

በጥር ለራቤል ተነሣን። ዘውዱ መሪ ላይ፣ እትዬ አስካለ ከጎኑ፣ ጋሽ ማንደፍሮና እኔ ከኋላ። ከመነሣታችን በፊት የዘይት ዘንጉን አይቼ ነበር፤ ሙሉ ነው። የዘይት ማስጠንቀቂያ መብራቷ ከተቃጠለች ቆይታለች፤ አምፖሉ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እየጠበቅን ነበር። ጓሳ አፋፍ ላይ እስክንደርስ መኪናዋ አኮራችን። አከርካሪው ላይ ስትቀመጥ ላሜራው ይንሸራተታል፣ ታልፋለች። አንድ ቦታ ግን በቀኝ በኩል ከባድ ምት ሰማን። ዘውዱ አቆመ፤ ወርዶ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ደረቅ ነው። ጠብታ የለም።»

«ተመስገን» አሉ እናቱ፤ ቀጠልን።

ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ሙቀጫ፣ ቀጥሎ እንደ መዶሻ። ጋሽ ማንደፍሮ «አጥፋ! አጥፋው!» ብለው የዘውዱን ትከሻ ያዙ። ዘግይቷል። የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና ተበልቷል፤ ሞተሩ ነክሶ ቀርቷል።

ላሜራውን እዚያው መንገድ ላይ ፈታሁት። የቀኙ ጠርዝ በምቱ ወደ ላይ ታጥፎ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ገፍቶ አላልቶታል። ዘይቱ ሁሉ የገባው ሱፉ ውስጥ ነው። ጋሽ ማንደፍሮ ባናውን አንሥተው ጨመቁት፤ በጣቶቻቸው መሐል ጥቁር ዘይት ወረደ።

«ጠጥቶታል» አሉ። ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አልጠረጉም። «መኪና ሲያማት ለመሬት ነው የምትናገረው። እኛ አፏን ያዝናት።»

ያን ቀን ወደ ራቤል የሚያልፍ አንድ የጭነት መኪና መጣ። የሾፌሩ ክፍል ከፍ ያለ ነው። ሁለት ወንዶች እትዬ አስካለን ከብብታቸው ይዘው አነሧቸው። ነጠላቸው ተንሸራቶ ወደቀ፤ አንሥቼ ሰጠኋቸው። ተቀብለውኝ ፊታቸውን አዞሩ። ሙት ዓመቱ ላይ ደረሱ። ሲመለሱም እንዲሁ ተሸክመዋቸው ነው የወረዱት።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ዘውዱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ሳያነሣ «እንግዲህ ቃል ቃል ነው፣ እማዬ። አለዚያ ከፍ ትበል» አለ። ጋሽ ማንደፍሮ ከመንገዱ ፈልገው ያመጡትን ድንጋይ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ። ያን ሰሞን ሲሠሩ የማይለያቸውን መዝሙር እንኳ አላንጎራጎሩም።

እኔ አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኝ ነበር። ምቱ ለምን በቀኝ ሆነ? ጋሻውን የሠራሁት ግራና ቀኙ እኩል ነው ብዬ ነው። ባዶ እጄን ከሥሯ ገባሁ። ቀኟ ከግራዋ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። የደከመ ሞላ መስሎኝ ሁለቱንም ፈትቼ አወጣኋቸው፤ አልደከመም። የቀኙ ሞላ ከግራው አብልጦ ተቆርጧል። የተቆረጠው ጫፍ በሞረድ ተስተካክሎ ለስልሷል። ተጠንቅቆ የተሠራ ሥራ ነው። ለጉራ የሚቆርጥ ወጣት ደግሞ መኪናውን አጋድሎ አይነዳም።

ሞላዎቹን አጠገቤ አስቀምጬ እንደተኛሁ እትዬ አስካለና ዘውዱ ገቡ። ሁለት ጥንድ ጫማ አየሁ። የእትዬ አስካለ ግራ ጫማ ሶሉ እኩል አልቋል። የቀኙ ግን ያለቀው ከአውራ ጣቱ በኩል ብቻ ነው፤ ተረከዙ አዲስ እንደሆነ ነው። ያ እግር መሬት የሚነካው በጫፉ ነው። ያነክሱ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ እርጅና ነው ብለን አልፈነዋል።

ዘውዱ ስለ ገዢው እያወራ ነበር። እኔ ከሥር ሆኜ «እትዬ» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት። ዘውዱ ወሬውን አቋረጠ።

«እትዬ፣ የተቀመጡበት በኩል ዝቅ ያለው ለእግርዎ ነው እንዴ?»

ቀኙ ጫማ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ከዚያ እትዬ አስካለ ሳቁ።

«ውጪና ጠይቂኝ እስቲ፤ ከመሬት ውስጥ የምትናገሪ ይመስላል።»

ወጣሁ። ፊቴ በግራሶ ተለውሶ ነበር፤ ያ ረዳኝ መሰለኝ። ሁለቱን ሞላዎች ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ዘውዱ አጎንብሶ አያቸው፤ ጣቱን ለስላሳው ጫፍ ላይ አሳለፈው።

«እግሬ የልጅነት ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ሲያገባኝ ሰው ሁሉ የኔን ጉድለት ለእሱ ሰጥቶ ደጀኔን ‹አንካሳ› ይለው ነበር። መጀመሪያ መኪናዋ ላይ የወጣሁ ቀን ተሸክሞ አስቀመጠኝ፤ አለቀስኩ። በሳምንቱ ሞላዋን ቆርጦ አመጣት። ‹ቁጭ በይ፣ እግርሽን ራስሽ አስገቢ› አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ማንም አልነካኝም። ያን ቀን ጓሳ ላይ እስኪያነሡኝ ድረስ።»

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለጉራ ነው ስትል ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «አባትህ አንካሳ ከሚባል ጉረኛ ቢመስል ይሻላል ብዬ።»

ዘውዱ ሞላውን አንሥቶ ያዘው። ከዚያ ወደ ጋሽ ማንደፍሮ ዞሮ «ብሮንዚናውን አዲስ አበባ ፈልጌ አመጣለሁ» አለ። ስለ ገዢው ከዚያ ወዲያ ሲያነሣ አልሰማሁም።

ጋሽ ማንደፍሮ ከመስኮቱ ድንጋዩን አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «በይ ኢንጂነሯ፣ የመቺሽን ፊት አየሽው። የምትጠብቂያትንም አሁን አየሻት። እንደገና ሣዪ።»

ዐቢይ ጾምን ሠራን። ሁለተኛው ጋሻ መኪናዋ እንዳጋደለች ተቀብሏት ተሠራ፤ ቀኙ ወደ ሆዷ ተጠጋ፣ ግራው ላላ አለ። ከሥሩ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተቆረጡ ሁለት ረጃጅም ብረቶች እንደ መንሸራተቻ በቁመት ተበየዱበት፤ ድንጋዩን መጀመሪያ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ሱፍ የለም። ጩኸቱን ለማጥፋት ላሜራው በሚታሰርበት ቦታ ሁሉ በረባሶ ሠሪው ከአሮጌ ጎማ የቆረጠልንን ቁራጭ አስገባን። «ለመኪናም ጫማ ታሠሩ ጀመር?» ብሎ ስቆብናል። ከዘይት ማፍሰሻው ሥር መዳፍ የሚያስገባ መስኮት ቆረጥኩ፤ ላሜራውንም ትንሽ አዘቅዝቄ ወደ መስኮቱ አጋደልኩት፤ የትም የሚንጠባጠብ ነገር ወደዚያ ወርዶ መሬት ላይ እንዲወድቅ። የዘይት መብራቷም አምፖሏ ገባላት። የኮፓውን ዳርዳር ግን ጋሽ ማንደፍሮ አጥብቄ እንዳልደፍነው አዘዙኝ።

«ትንሽ ታልቅስ» አሉ። «እያለቀሰች እንወቅላት።»

ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እትዬ አስካለ «ሙት ዓመቱን ተሸክመውኝ ነው የሄድኩት፤ አሁን በእግሬ ልሂድለት» አሉ። እንደ መጀመሪያው ተቀምጠን ተነሣን። የጓሳ አከርካሪ ብረቶቹን እያስጮኸ ከሥራችን አለፈ። ያቺ ምት የደረሰችብን ቦታ ላይ ዘውዱ በእርምጃ ፍጥነት አለፈ። ዘውዱ በየአፋፉ እያቆመ ይወርዳል፤ ጎንበስ ይልና ይመለሳል። ጋሽ ማንደፍሮ ከጎኔ ዓይናቸውን ጨፍነው የሞተሩን ድምፅ ይሰሙ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሳይታወቃቸው መዝሙራቸውን ጀመሩ።

ራቤል ገብተን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆምን። አንድ ዘመድ ሮጦ መጥቶ በሩን ከፍቶ ክንዱን ዘረጋ። ዘውዱ ቀድሞት ደረሰ፤ እጁን ይዞ ወደ ኋላ መለሰው።

«ተዋት፣ ራሷ ትወርዳለች።»

እትዬ አስካለ ግራ እግራቸውን አወጡ። ቀኙን በሁለት እጃቸው ከጉልበቱ ሥር ይዘው አንሥተው አስከተሉት። መሬቱ ቅርብ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ወደ መቃብሩ ከመሄዳቸው በፊት ግን ዘወር ብለው፣ እንደ ድሮ ጠዋታቸው፣ ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ አሉ። ሁላችንም አብረን ጎነበስን። ከላሜራው መስኮት ሥር አፈሩ ላይ ሽንብራ የምታህል አንዲት ጥቁር ጠብታ ነበረች።

«ተናገረች» አሉ እትዬ አስካለ።

ጋሽ ማንደፍሮ ቆባቸውን አወለቁ። እትዬ አስካለም ቀስ ብለው፣ በእግራቸው፣ ወደ ውስጥ ገቡ።